የስንዴ ፍሬ የምታህል ትርፍ

«እማ፣ ቁጥር የሚጀምረው ከዜሮ ነው ከአንድ?» ብሎ ድረስ የጠየቃት ሁለተኛ ክፍል ሳለ ነው። ደብሪቱ ሰፌዷን ሳታስቀምጥ፣ «ባዶ ምን ይቆጠራል ልጄ? ከአንድ ነዋ» አለችው።

ያ ልጅ መሐንዲስ ሆኖ በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ደባርቅ ለዕረፍት መጣ። የራዲዮ ሆድ ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ ኮምፒውተር እንዲሥል የሚያደርግ ፕሮግራም እየጻፈ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል አሳትሞ ይዟል።

የመጣ ዕለት መስኮቱን አየና፣ «ይሄስ በነፋስ መንኳኳቱን ተወ?» አላት።

«አበጀሁት» አለች።

ከግድግዳው ላይ የተማሪነት የእንጨት ማስመሪያውን አውርዶ ሥዕሉን ለካ። መቶ ሚሊሜትር መሆን የነበረበት መቶ አምስት ሆነ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ትርፍ።

ጥፋቱን በቁጥሮቹ ላይ ጣለ። ነጥብ ያለው ቁጥር ሲደመር ሲደመር እንደሚንሸራተት፣ ኢንችና ሚሊሜትርም እንደተደባለቁበት ነገራት። ስለዚህ ሚሊሜትርን አሥር ሺህ ቦታ ከፍሎ፣ አንዷን ክፋይ መነሻ አድርጎ ሁሉን በሙሉ ቁጥር ሊያስቆጥር ቆረጠ።

ይህ ለደብሪቱ ገባት። እሷም ሰፌድ በስፌት እንጂ በግማሽ ስፌት ቆጥራ አታውቅም።

«ለዚህ ነው እንግዲህ አሥራ ስድስት ዓመት የተማርከው?» አለችው። ሳቁ።

እርማቱን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላለ ባልደረባው ላከ። በሳምንቱ አዲሱ ሕትመት መጣ። ለካው። መቶ አምስት።

ድረስ ምሳ አልበላም። የመረጠው የቁጥር ዓይነት ልክ መሆኑን በሚመጣው ሰኞ ለአለቃው ለጓድ ገሠሠ ካላሳየ፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ሙሉ ቁጥሩን ጥዬ ነጥብ ወዳለው ቁጥር ልመለስ እያለ ወረቀቱን ያገላብጣል።

«ያንን ኮምፒውተር ጠበል ብታስጠምቁትሳ» አለችው ልታስቀው። አልሳቀም።

«የሚገርመኝ» አለ፣ «ሰሌዳው ቢያጥርም ቢረዝምም የምትተርፈው ያችው ናት። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

ደብሪቱ ወስፌዋን አቆመች። ማተቧን ነካ አደረገች። ድረስ ያዘነችለት መሰለው።

በማግሥቱ ማለዳ ጸሎቷን አድርሳ፣ በመስኮቱና በመቃኑ መካከል የሸጎጠቻትን፣ ዜሮ የተጻፈባትን ቁራጭ እንጨት ነቀለችና ከተቆረጠው የማስመሪያው ጫፍ ጋር ገጥማ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችለት፤ መስኮቱም መንኳኳት ጀመረ።