ከኮሌጁ ሜዳ የማይጠፋው ዝነኛ ሰው

«ሚስተር ክሮል ተው ካለኝ አቆማለሁ።»

ልጄ ዌስሊ ነው እንዲህ ያለኝ... የትራክተሩን ጎማ ተደግፎ።

«ሐኪሟ ተው ብላህ የለ?»

«ሐኪሟ ኳስ ተጫውታ አታውቅም።»

«እኔስ ተው ብልህ?»

«አንተም ተጫውተህ አታውቅም አባዬ።»

እውነቱን ነው። እኔ ትምህርቴን በልጅነቴ ትቼ በቆሎ እርሻ ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ።

ዌስሊ ግን ኮሌጅ ገባ። በአሜሪካ ፉትቦል፣ ሄልሜት አድርገው እየተጋጩ በሚጫወቱት ኳስ፣ ለኮሌጁ ተሰለፈ።

በዚያ ዓመት ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ተመታ። ከሁለተኛው በኋላ ግቢያችን መሃል ቆሞ «በረቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ... ተወልዶ ባደገበት ግቢ።

ሐኪሟ «አንዴ እንኳ ከተደገመ አእምሮው አይመለስም» አለችን።

ቨርነን ክሮልን ነብራስካ ውስጥ የማያውቀው የለም። ኮሌጁን ሻምፒዮን ያደረገ... በኋላም በቴሌቪዥን የገነነ ሰው ነው። ሐውልቱ ስታዲየሙ በር ላይ ቆሟል።

በእኛ ከተማ ሰው እሁድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ለኮሌጁ ኳስ ይለብሳል። ለቅዳሜው የበለጠ ይጠነቀቃል።

ክሮል ትልቅ ከተማ የነበረውን ቤት ሸጦ ከስታዲየሙ ማዶ ገዛ። ጨዋታ በሌለበት ቀን እንኳ አሮጌ ማሊያውን ለብሶ ሜዳው ዳር ይቀመጣል። በረዶ ሲጥልም።

የሚያልፍ ሰው ሁሉ ኮፍያውን ያነሳለታል።

ዘር የሚሸጥልኝ ሃርላን ሁሌ ይለኛል...

«ሌሎቹ ዝነኞች ስማቸውን ሕንፃ ላይ አስለጥፈው ይጠፋሉ። ይሄ ሰው ግን ኮሌጁን አልረሳም። አንተ ደግሞ ልጅህ እየተጫወተ ለቅሶ ቤት የመጣህ ትመስላለህ።»

የቀድሞ ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት ቅዳሜ አንድ ልማድ አለ።

ተጫዋች ሄልሜቱን ራሱ አያነሳም። ቀድሞ በእሱ ቦታ የተጫወተ ሰው ያቀብለዋል። ካልተቀበለ ሜዳ አይገባም።

ለዌስሊ የሚያቀብለው ክሮል ነበር።

ስለዚህ አርብ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምነው... እንዳያቀብለው።

በሩን የከፈተችው ባለቤቱ ሉኤላ ናት።

«ሜዳ ነው ያለው» አለችኝ።

«ዛሬ ጨዋታ የለም እኮ።»

ሹራቧን ደርባ ወሰደችኝ።

ክሮል ባዶው ሜዳ ዳር ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ። ትልቅ ሰው ነው... እንደ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አሰልጣኝ... አሁን ልግባ?»

ሉኤላን አየኋት።

«በሐሳቡ ተመልሶ ተጠባባቂ ተጫዋች ሆኗል» አለች ቀስ ብላ። «እስኪያስገቡት ነው የሚጠብቀው። ቤት ስወስደው ያለቅሳል። እኔን አያውቀኝም። ሜዳውን ያውቀዋል።»

«ከምን መጣ?»

«ከመመታት ነው ይላሉ።»

«ሰዉ ግን ታማኝ ነው ይላል...»

«ሰዉ ደስ ይለዋል። ምን ልበላቸው?»

«ኮሌጁስ ያውቃል?»

«ነገ እጁን ይዘው የሚያስገቡት እነሱ አይደሉ?»

የመጣሁበትን ነገርኳት። ነገ ሄልሜቱን ለልጄ እንዳያቀብልልኝ።

«እጁ ላይ ካስቀመጡለት ያቀብላል» አለችኝ። «ሌላ ምንም አልቀረለትም።»

ከእራት በፊት ዌስሊን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ምኑን?»

«ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ልብስ መቀየሪያችን ገብቶ ሣጥኑን ሲፈልግ ነበር።»

«ታዲያ ተው ካለኝ አቆማለሁ ያልከኝ?»

«ተው እንደማይል አውቄ ነው።»

ከዚያ እንዲህ አለኝ...

«እሱ ሲገባ ስታዲየሙ በሙሉ ይነሳለታል። በቆሎ ዘርቶ የተነሱለት ሰው አይተሃል?»



ቅዳሜ ክሮልን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቡት። ሄልሜቱን እጁ ላይ አኖሩለት። ዌስሊ ፊቱ ቆመ።

አቀበለው።

ሕዝቡ ተነሳ። የሚያለቅስም ነበር።

«ተነስ እንጂ ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ ነው» አለኝ ሃርላን።

ተነሳሁ።

ያን ቀን ዌስሊ አልተመታም። አሸነፉም።

ጭንቅላቱን ለሦስተኛ ጊዜ የተመታው ከሳምንታት በኋላ፣ በረዶ ሊጥል ሲል ነው። ከኳሱ ራቅ ብሎ... ካሜራው እንኳ በማይቀርጸው ቦታ።

አሁን ቤት ነው ያለው። ትራክተር አላስነዳውም። እናቱን አንዳንዴ ያውቃታል።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ማንም ሳይነግረው ማሊያውን ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል።

እወስደዋለሁ። ካልወሰድኩት በሩን ይደበድባል።

ስታዲየም ስንደርስ ሰዎች እጁን ይጨብጡታል። ለእኔም «ለኮሌጁ ታማኝ መሆን እንዲህ ነው፣ ልጅ አሳድገሃል» ይሉኛል።

አመሰግናለሁ ብዬ አልፋለሁ።

ትምህርቱ ይሄ ነው...

አንድ ቦታ ዘወትር ቆሞ የምናየው ሰው ሁሉ ወዶ የቆመ አይደለም። ከማጨብጨባችን በፊት ማታ ወደ ቤቱ የሚመልሰውን ሰው እንጠይቅ። ጠይቀንም ላናድን እንችላለን... እኔ ጠይቄ ነበር።

እናንተስ ብትሆኑ... አካለ መጠን የደረሰ ልጃችሁ እያወቀ ሲገባበት በምን ታስቀሩት ነበር?

መልስ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። አነበዋለሁ።