የዘምዘም ጀሪካን

ወደ ሀዋታ በሚወስደው መንገድ ላይ የኸይሩ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሙቀቱ የተነሳ ፈልታ ቆመች። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዶ ውሃው አልቋል። ኸይሩ ቱቦውን በላስቲክ ጠፍሮ ቢያስረውም የሚሞላው ውሃ አልነበረውም። ሐጅ አድርገው ከመካ የተመለሱት እናቱ ጠይባ ያቀፉትን የተቀደሰ የዘምዘም ውሃ ጀሪካን አዩ። በጠና የታመሙት ባላቸው ሳልሞት ልቅመሰው ብለው ያስመጡት ነበር።

"እማዬ፣ ሞተሩ ቢበርድም ያለ ውሃ አንደርስም" አለ ኸይሩ።

ጠይባ ጀሪካኑን አቀበሉት። "ቢስሚላህ ብለህ ጨምር። ለአባትህ ግን ጥቂት አስቀርለት።"

ሲደርሱ አባትዬው ነቅተው ነበር። ጠይባ የሆነውን እየነገሯቸው በቀረችው ውሃ ከንፈራቸውን አራሱላቸው። አባትዬው ፈገግ አሉ።

"እንግዲህ መኪናዋም ሐጃ ሆነች በሉኛ!"