በሴቶች በር በኩል

ወሰኑ የሚስቱን አገር ሰዎች ይንቃል። አምቦ ውስጥ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ከጉደር ማዶ ጭቃ እየረገጠ ወደ አንዲት ክብ፣ ያረጀች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሰው ወዶ አይደለም። በአማቱ በወይዘሮ ወለተማርያም የተነሳ ነው። ሴትየዋ በሠርጉ ዕለት፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ «ልጄን ለቆርቆሮ ዳርኳት» ብላ ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ አሮጊቷ በሰው ፊት አንገቷን እንድትደፋለት።

ዕድሉ በጣሪያ በኩል መጣ። የደብሯ የሣር ክዳን አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ፤ ዝናቡም የመቅደሱን ሥዕሎች ያበላሽ ጀመር። ወሰኑ የቆርቆሮውን ወጪ ቻለ፤ ሥዕሎቹን የሚያድስ ሰዓሊም ከአዲስ አበባ አመጣ። በምላሹ የጠየቀው የጥንት ለጋሾች ያገኙትን ነው፤ መልኩ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እንዲሳል።

አስተዳዳሪው ቄስ ቀጀላ በሰሜን በኩል፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ቦታ አሳዩት። ጨለም ያለ ነው፤ የሚቆሙበትም ወንዶች ብቻ ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ወሰኑ ዘወትር፤ ጥግ ሊወሽቁት እንደሆነ ወዲያው ገባው።

በደቡብ፣ ሴቶች በሚገቡበት በር በኩል ግን፣ በእጅ ቁመት ላይ የነበረ አንድ ሥዕል ከመዳሰስ ብዛት አልቆ ሸራው ብቻ ቀርቷል። ማን እንደነበር እንኳ አይለይም። ወሰኑ ነጋዴ ነው፤ ገበያ የሚደራበትን ቦታ ያውቃል። እንዲህ የተዳሰሰ፣ እንዲህ የተሳመ ቅዱስ በደብሯ ሌላ የለም። አማቱም የምትገባው በዚያው በር ነው።

«እዚህ ይሁንልኝ» አለ።

ቄስ ቀጀላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኦቦ ወሰኑ፣ እዚህ ቦታ እንኳ የነበረው...»

«አባ፣ የነበረው ነበረ። አሁን ጣሪያውን ያለበሰው ማን ነው?»

ቄሱ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ለዘመዳቸው አስበውት ይሆናል ብሎ ወሰኑ በሆዱ ሳቀባቸው።

የአገሯን ሰዎች «ባላገር» እያለ ዘወትር ለሚያበሽቃት ሚስቱ ለካሰችም ቦታውን ነገራት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራችብኝ ብሎ ደስ አለው።

ሰዓሊው አሳመረው። ካባ አስደርቦ፣ እጁን ለጸሎት አስዘርግቶ፣ ዓይኖቹን እንደ ሐዋርያት አፍጥጦ ሳለው። ወሰኑ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለመላው አምቦ አሳየ።

ጥገናው አልቆ ደብሯ በተከፈተችበት እሑድ፣ ሴቶቹ እስኪገቡ ከምሰሶ ጀርባ ቆሞ ጠበቀ። ጫማቸውን እያወለቁ፣ አንድ እጃቸውን ጨብጠው ገቡ። ለምጽዋት የያዟት ሳንቲም መሰለችው። ይቺን ይዘው ነው መንግሥተ ሰማያት የሚመኙት ሲል ናቃቸው።

ወይዘሮ ወለተማርያም ከሁሉም ፊት ነበረች። የበሩን መቃን ተሳለመች፤ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ፣ ዝቅ አለች። ያቺ አንገት በስንት ዘመኗ ተደፋች። የወሰኑ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሠርጉንም፣ ስድቡንም በዚያች ቅጽበት ይቅር አለ።

አሮጊቷ ጭብጧን ፈታች፣ ከደጅ ያነሳችውን ጠጠር አጥብቃ ያዘች፣ እናቷ በልጅነቷ እንዳስተማረቻትም ከጥንት እዚያ የኖረውን የሰይጣኑን ዓይን ትፍቅ ጀመር፤ ሴቶቹም ጠጠራቸውን ይዘው ከኋላዋ ተሰለፉ።