የኸሊፍ ቀኝ እጅ

ኸሊፍ ቀኝ እጅ የለውም። በ2010 ክረምት ጅግጅጋ በግድያና በዘረፋ ስትታመስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኛ ሆኖ በሚጠብቀው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በመጥረቢያ ተመታ። መጥረቢያው የጀመረውን ሐኪም ጨረሰው።

ሦስት ዓመት ሙሉ የጉዳት አበል ቢጠይቅም መልሱ ያው ነበር፦ «ጉዳቱ በሥራ ላይ ስለመድረሱ ምስክር የለህም።» ሐሜቱ ደግሞ ከዚህ ይከፋ ነበር። ኸሊፍ እጁን ያጣው ግቢውን ሲጠብቅ ሳይሆን ከዘራፊዎቹ ጋር እዚያው ግቢ ያለውን የመምህራኑን መኖሪያ በር ሲሰብር ነው ይባላል።

ቢጨንቀው ጠበቃ ያዘ።

ጠበቃው ልዑልሰገድ ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ ነው። በዚያው ቀን ዘራፊዎች አጎቱን ከሱቁ ጎትተው አውጥተው በዱላ ሲቀጠቅጡት አይቷል። አጎቱ መንጋጋው ተሰባብሮ እስከ ዛሬ ከሾርባ ሌላ አይውጥም።

«ማን ነው የመታዎት?» ሲል ኸሊፍን ጠየቀው።

«ብዙ ሰው ነበር።»

«ፊቱን አላዩትም?»

«አላየሁም፣ ጠበቃ።»

«ግቢው ውስጥስ ማን ነበር?»

«አንዲት መምህርት ነበረች» አለ። «እሷን ግን ተዋት።»

«ለምን?»

«ወላሂ፣ እሷ ከምትጠራ አበሉ ጥንቅር ይበል!»

ልዑልሰገድ ጠረጠረ። የተራበ ሰው ያለ ምክንያት ከምስክር አይሸሽም። ጉዳዩን ልተወው ብሎ አሰበ። ግን የአጎቱ መንጋጋ ዓይኑ ላይ መጣበት፤ ሐቁን ሳላውቅማ አልተወውም አለ።

መምህርቷ አትጠገብ ወደ ቀብሪበያ ተዛውራ ታስተምር ነበር። በሚኒባስ ሄዶ ክፍሏ በር ላይ አገኛት። የኸሊፍን ስም ሲጠራባት መቃኑን ይዛ ቆመች።

«በሕይወት አለ?»

«አለ። አበል ይሰጠኝ ብሎ እየተከራከረ ነው።»

«መቼ ነው የምመጣው?» ብቻ አለች።

ልዑልሰገድ መምህርቷ ልትመሰክር መምጣቷን ለኸሊፍ የነገረው በቀጠሮው ጠዋት፣ የአበሉን ክርክር በሚያየው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ በር ላይ ነው። ንግግሩን እንኳ አልጨረሰም። ኸሊፍ በግራ እጁ ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የጠበቃው ከንፈር ተሰንጥቆ ሸሚዙ በደም ራሰ። ሁለት ፖሊሶች ተጋግዘው በግድ አላቀቁት።

«ዛሬ አለቀልህ» አለ ልዑልሰገድ በሆዱ፣ ደሙን እየተፋ። የገዛ ደንበኛው መሆኑን ረስቶታል።

አትጠገብ ገባች። ኸሊፍ ብድግ አለ።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸባት። «አንዲት ቃል እንዳትናገሪ!»

የጉባኤው ሰብሳቢ ጠረጴዛውን ደበደቡ፤ ፖሊሶቹ ትከሻውን ተጭነው አስቀመጡት።

«ይህን ሰው በዚያን ቀን አይተውታል?» ሲሉ ሰብሳቢው ጠየቋት።

«መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው» አለች። «ዘራፊዎቹ በፊት ለፊት በኩል የምንኖርበት ቤት ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ ነበር። የጎረቤቴን ጩኸት እሰማ ነበር፤ በኋላ እሱም ጸጥ አለ። ልጆቼን አልጋ ሥር ከትቼ ከጓሮው በር ጀርባ ቆምኩ። ያኔ የበሩ ሳንቃ ተገነጠለና አንድ እጅ ገባ። መቀርቀሪያውን ይዳብሳል።»

ልዑልሰገድ ዓይኑን ከኸሊፍ ላይ አልነቀለም። ኸሊፍ አንገቱን ደፍቷል።

«ከዚያስ?» አሉ ሰብሳቢው።

«በማገዶ መጥረቢያዬ መታሁት፤ ሊያወጣን መምጣቱን ያወቅሁት ደሙ እየፈሰሰ፣ በቀረችው እጁ ልጆቼን አጥር ሲያሻግርልኝ ነው።»