የግራ እጅ ብየዳ

ካቻቢቴው ብረቱን በስቶ እስከ እጀታው ገባ። ጀንበሬ አልመታውም፤ በግራ አውራ ጣቱ ገፋ አደረገው እንጂ። ካርቶን ላይ በጀርባው እንደተኛ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የረገፈው ዝገት ፊቱ ላይ ፈስሶ እስኪያበቃ ጠበቀ።

በብረት ካቫሌቶ ተደግፋ ከፍ ብላ የቆመችው መኪና ከላይ ሲያዩዋት እንከን የላትም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሰማያዊ የፈረንሳይ ስፖርት መኪና ናት። ገላዋ ፋይበር ስለሆነ የባሕሩ ጨው በሠላሳ ዓመት ምንም አላደረጋት። ከስር የተሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ ለብረት አታዝንም።

"ምን አገኘህ?" አለች ኻሊዳ። ከስር ሆኖ የሚያየው ጫማዋንና የቀሚሷን ጫፍ ብቻ ነበር።

"ቆይ እስቲ።"

ኻሊዳ ካርቲየ 3 ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ባሏ ሙሰዲቅ ከሁለት ዓመት በፊት በስኳር በሽታ ሲሞት፣ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቀረች። ሙሰዲቅ ልጁን ተቅዋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ "የሠርግሽ ቀን ከቤት የማወጣሽ በዚህች ነው" ይላት ነበር። ሠርጉ አርብ ነው። አባትየው ስለሌለ መሪውን የምትይዘው እናትየው ናት። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጀንበሬ መብራቱን ወደ ሾፌሩ ወንበር ስር አስጠጋ። ሬንጅ የተቀባ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ላሜራ ተለጥፏል። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው። የብየዳው መስመር ብቅ ሲል እጁ ቆመ። መስመሩ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ የሄደ ነው። እንዲህ የሚበይድ ግራኝ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ጀንበሬ የሚያውቀው ግራኝ በያጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ሰፈሩን ቀወጠው። ዝገቱን ቆርጦ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ላሜራውን ከላዩ ለጠፈ፣ ሬንጅ ቀባ፣ ጫቱን ሊገዛ ከሰው ቀድሞ ወጣ። "አንተ ከነካኸው በቃኝ" ብሎ ሙሰዲቅ እጁን ጨብጦት ነበር።

ከስር ወጥቶ ተቀመጠ። ኻሊዳ ፊቱን አይታ ተረዳች።

"ለአርብ አትደርስም ልትለኝ ነው?"

"ወንበርሽና ቀበቶው የታሰሩበት ብረት በስብሷል።"

"አቦ ጀንበሬ! ለአንድ ቀን እኮ ነው። ከቤቴ እስከ ሠርጉ ቦታ፣ እስከ ራስ ዲካ፣ ስንት እርምጃ ነው? ቀባ ቀባ አድርገህ ስጠኝ።"

"አንድ ጉድጓድ ከረገጥሽ ወንበሩ ይዞሽ ይወርዳል።"

"ሙሰዲቅ አስበይዶታል፤ አውቃለሁ!"

"የተበየደው ዝገት ላይ ነው። ላሜራው ደህና ነው፤ የያዘው ነገር ግን የለም።"

"ወላሂ፣ የትኛው አላህን የማይፈራ ነው እንዲህ የሠራው?"

ጀንበሬ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። ሞቷል ቢላት፣ አገሩ ገብቷል ቢላት ማን ይመረምረዋል?

"እኔ ነኝ" አለ።

ኻሊዳ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ መዳፏን መኪናዋ ላይ አሳረፈች። "በየአርቡ አርታ ተራራ ይወጣ ነበር" አለች በቀስታ። "ተቅዋን ጎኑ አስቀምጦ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።"

"አዎ።"

"አዎ ነው የምትለኝ?"

ኻሊዳ ዞር ብላ ወደ በሩ ሄደች። አልጠራትም።

ጆንያ በውሃ ነክሮ ፋይበሩን ከእሳት ጋረደ። ግራይንደሩን ይዞ ስር ገባና የራሱን ላሜራ ዙሪያውን ቆረጠው። ከነዝገቱ ደረቱ ላይ ወደቀ። እዚያ አላቆመም፤ የተበላውን ሁሉ እየተከተለ ቆረጠ። የሰባት ሰዓቱ ጡሩምባ ተነፋ፣ የጎረቤቶቹ መዶሻ ጸጥ አለ። ጀንበሬ ዲስክ ቀይሮ ቀጠለ። ነጭ ጤነኛ ብረት ጋ ሲደርስ ጉድጓዱ ክንድ ያህል ሆኖ ነበር። በልኩ ወፍራም ላሜራ ለመቁረጥ ከስር ሲወጣ ኻሊዳ በሩ ጋ ቆማለች። አልሄደችም።

"ይደርሳል?" አለች።

"አርብ ጠዋት በርሽ ላይ ትሆናለች። ካልጠነከረች ግን አልሰጥሽም። ብትለምኚኝም፣ ብትሰድቢኝም አልሰጥሽም።"

ኻሊዳ ካርቶኑን በእግሯ ወደ መኪናዋ ገፋች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተጋደመችና ስር ገባች።

"አሳየኝ።"

የብየዳ ጭምብሉን ለእሷ ሰጥቶ፣ እሱ አሮጌውን ጥቁር መነጽር አደረገ። በእርጥቡ ጆንያ ስር ጎን ለጎን ተኝተው፣ አዲሱን ላሜራ አንዱን ጎን ቀስ እያለ በየደው፤ ፋይበሩ እንዳይግል በየጣት ርዝመቱ እያረፈ። ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱን አራግፎ መዶሻውን አቀበላት።

"ምቺው።"

"እኔ?"

"እስኪበቃሽ።"

መጀመሪያ ነካ አደረገችው። ከዚያ ጠንከር አድርጋ መታች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ፣ ክንዷ እስኪዝል፣ ላቧ ጆሮዋ ውስጥ እስኪገባ ደጋገመችው። ብየዳው ንቅንቅ አላለም።

ጀንበሬ መዶሻውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም፤ ደረቷ ላይ አቅፋ ያዘችው።

"ያኛው ጎንስ?" አለች።