የሌላ ልጅ ሹሩባ

የሟች ሠዓሊ ችሎታ በአንድ መርፌ ወደ ተማሪ እጅ መግባት ከጀመረ ወዲህ፣ መምህር ተማሪውን በሚያሰናብትበት ቀን እጁን አጥቦለት «ከእንግዲህ እጅህ የራስህ ነው» የሚልበት ሥርዓት ጊዜ ማባከን ተብሎ ተሰርዟል።

የሺመቤት የሟቹን ሠዓሊ የመምህር እንግዳወርቅን እጅ በመርፌ የወሰደችው አምና ነው። ሥዕሏ እንከን የለውም። ዛሬ የሰባት ዓመት ልጇን የሶልያናን ፀጉር እየሠራች ሳለ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ጋሽ ወንድይራድ ሊጠይቋት መጡ።

«እማዬ፣ ወደ ኋላ ሥሪኝ አላልኩሽም? ዛሬም ወደ ጎን ጠመዘዝሽው!» አለች ልጅቱ።

«ወደ ኋላ ነበር የጀመርኩት። እጄ እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ወንድይራድ ሹሩባውን አይተው ደነገጡ። «ይሄን አሠራር አውቀዋለሁ። መምህር እናቷ ለሞተችባት ልጃቸው፣ ለትርሲት፣ በየቅዳሜው ይሠሩላት የነበረው ነው። እሷም በሰባት ዓመቷ ሞተች።»

የሺመቤት ሁለት እጆቿን ዘረጋችላቸው። «ጋሼ፣ ይጠቡልኝና ይልቀቁኝ።»

«እኔ ምን ሰጠሁሽና? የሚለቅሽ የሰጠሽ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሞተዋል! ሳይሞቱ ቢፈጽሙት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥርዓት ነበር! አላዋቂ ሁሉ ተሰብስቦ ሰረዘው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ወይ ትርሲት!» አሉ ለራሳቸው።

«አቤት» አለች ሶልያና፣ ከእናቷ ጉልበት መሀል ቀና ብላ።