ደስተኛዋ የደሴት ልጅ

«ከሁሉም በላይ የተወደደችው ይቺ ናት» ትላለች ፊሊፓ፤ እኔም ወደ ቋንቋችን እመልሰዋለሁ።

በማኔያባው፣ በመንደራችን መሰብሰቢያ፣ ምሰሶዎች መሀል በተወጠረው አንሶላ ላይ የአንዲት ልጅ ፊት በፕሮጀክተር ብርሃን ቦግ ይላል። አፏ ተከፍቷል፤ ሁለት እጆቿን ዘርግታለች፤ ጸጉሯን ነፋስ በትኖታል። ውጭ ዝናቡ ቀኑን ስላጠቆረው ምስሉ ደምቆ ይታያል።

ፊሊፓ የመጣችው የድሮ ፎቶዎቻችንን ከያዘው የባሕር ማዶ ሙዚየም ነው። ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ከለቀቋቸው ወዲህ ምን ጥቅም እንዳመጡ እየለካች ነው፦ ስንት ሰው አያቸው፣ ስንቱ ወደዳቸው፣ ስንቱ ለሌላ አጋራቸው። የቀራት እኛን መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዳስተረጉምላት አስቀምጠውኛል።

«ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ታይታለች! ‹ደስተኛዋ የደሴት ልጅ› ብለን ነው የሰየምናት። የመዝናኛ መርከብ ማስታወቂያ ላይ ወጥታለች፤ ፖስትካርድ ሆናለች። ሰዎች ‹ሳቋን አይቼ ቀኔ በራልኝ› እያሉ ይጽፉልናል።»

«እኛ ጋ ለመድረስ ምነው ይሄን ያህል ዘገየች?» ይላሉ ሽማግሌው ባውሮ። «ለነገሩ የእኛ ኔትወርክ ሰላምታ እንኳ አያደርስ!»

ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይስቃል። አክስቴ ተሬቲያ ብቻ አይስቁም። ከቤተሰባችን ቦታ ቀስ ብለው ይነሱና አንሶላው ፊት ይቆማሉ።

«ይቺ እኔ ነኝ» ይላሉ።

እተረጉማለሁ። ፊሊፓ በደስታ ብድግ ትላለች። «እርስዎ? በሕይወት አሉ? ስምዎን ስንት ዓመት ፈለግን! እባክሽ ጠይቂልኝ፣ ያን ቀን ምን ነበር እንደዚያ ያሳቃቸው?»

እኔ የተወለድኩት ሰዎቻችን ከድሮ ደሴታቸው ተነስተው በሰፈሩባት በዚህች በዋጊና ደሴት ነው፤ የዚያን ቀን ታሪክ ግን ጡት ከምጠባበት ጊዜ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ።

«ምንድን ነው የምትለው?» ይሉኛል አክስቴ።

«ምን አሳቀዎት ነው የምትለው።»

«ማን ሳቀ?» ድምፃቸው ጣሪያው ሥር ይጮኻል። «እናቴን ነበር የምጠራው! ቀብረናት አፈሩ ሳይጠጥር ነው ጀልባ ላይ የጫኑን። ድርቅ ነው፣ ጉድጓዱ ነጥፏል፣ ደሴቱን ለቃችሁ ውጡ አሉ የባሕር ማዶ ገዢዎቻችን። እሺ፣ እኛ ወጣን። እሷንስ ማን ያወጣታል? ብቻዋን ጥለናት ልንሄድ ነው ብዬ ነው የጮኽኩት። ይሄ ሳቅ ነው? አንቺ ልጅ አሳድገሽ አታውቂም? የሚስቅና የሚያለቅስ አትለዪም?»

አንዷንም ቃል ሳላለሰልስ እነግራታለሁ። «ከሁለት ሚሊዮን ሰው አንድ እንኳ ልጅቷ እያለቀሰች ነው የሚል ጠፋ?» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

የፊሊፓ ፊት ደም ይመስላል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። መግለጫውን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። ስምዎን እጽፋለሁ።»

«ስሜን ተዪው። መቃብሩን የት አደረጋችሁት?»

«የቱን መቃብር?»

«የእናቴን ነዋ! ሰውዬው ፎቶ ሲያነሳኝ አጠገቡ ነበርኩ። እዚህ ጋ» ይላሉ፤ በእጃቸው ከአንሶላው ውጭ ያለውን ባዶ አየር እየመቱ።

ፊሊፓ ኮምፒውተሯን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ስትናገር ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። «ቆርጠነዋል። ልጅቷ ብቻ ስትሆን ብዙ ሰው ይከፍተዋል። ሁለቱንም ለቅቀን ለክተን ነበር። ሙሉውን… ማንም አልፈለገውም።»

«ቆርጠው ጣሉት» እላለሁ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ማኔያባው ይናወጣል። ሴቶች ጭናቸውን ይመታሉ። «መቃብር ይቆረጣል?» ይላሉ ባውሮ፤ አሁን የሚቀልዱ አይደሉም። «ያባረሩን አነሰና የሞተችውንም ከፎቶ አባረሯት? ንገሪያት! ይሄንንም ትለካው!»

እነግራታለሁ።

አክስቴ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ቤቱ ጸጥ ይላል።

«ሙሉውን አምጪው» ይላሉ።

ፊሊፓ የማይሆነውን ፎቶ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በመጨረሻ ልጅቷ ድንገት ታንሳለች። ባሕሩ ይመጣል፣ ጀልባዎቹ፣ ምንጣፍና እንስራ የተሸከሙ ሰዎች። በግራ በኩል፣ ጫፉ ላይ፣ አናቱ ከደረቀ የኮኮናት ዛፍ ሥር፣ በነጭ የባሕር ድንጋይ የታጠረች ጠባብ መሬት አለች። ልጅቷ እጆቿን የዘረጋችው ወደ እሷ ነው።

አክስቴ የእናታቸው አንድም ፎቶ የላቸውም። ዛሬ ያቺ ደሴት ሰው አልባ ናት፤ ወደዚያ የሚሄድ ጀልባም የለም። ይቺን መሬት ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያዩአት ገና አሁን ነው።

እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ጥላቸው ድንጋዮቹን ሲጋርድ ግን ቶሎ ይመልሱታል። ዞር ብለው ከአንሶላው ጠርዝ በኩል እግራቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ።

ፊሊፓ የሆነ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት በእጄ አስቆማታለሁ።

አክስቴ አንገታቸውን አዘንብለው ያያሉ። አንሶላው ላይ፣ ልክ ድንጋዮቹ መሀል፣ አንድ የጨርቅ እጥፋት አለ። በመዳፋቸው እየደባበሱ ያቃኑታል።